የባለቤቴ እጅና የቢላዎቻችን ስለት

ባለቤቴን ሕመሙ የያዘው ቢላ በመሳል ላይ እንዳለ ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከሐይቁ ዳር ጥቂት ገባ ብላ፣ ዓሳ እየሠራን የምንሸጥባት ትንሽ ምግብ ቤት አለችን። ጠዋት ጠዋት እኔ ውስጥ ሆኜ ሽንኩርት ስከትፍ እሱ በጓሮ በኩል ዋርካው ሥር በርጩማ ላይ ይቀመጥና ለቀኑ የምንሠራባቸውን ቢላዎች ይስላል። ድንጋዩ ላይ ሄድ መለስ የሚል፣ የማይቸኩልና የማያቋርጥ ድምፅ ነው። ከመልመዴ የተነሳ አልሰማውም ነበር። ያን ዕለት ግን ተቆራረጠብኝ። ይፍቃል፣ ቆም ይላል፣ እንደገና ይፍቃል። ብቅ ብዬ አየሁት።

«ምነው?» አልሁት።

«ድንጋዩ እየሸሸኝ ነው» አለኝ።

ድንጋዩ እርጥብ ጨርቅ ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ የትም አልሄደም። ቢላው ከእጁ ወደቀ። ሊያነሳው ጎንበስ ሲል ጣቶቹ እሺ አላሉትም። ቀና ብሎ አንድ ነገር ሊለኝ ሞከረ፤ አፉ ወደ አንድ ወገን ዘመም ብሎ ቃሉ ተድበሰበሰ። ሽንኩርቱንም ምጣዱንም ትቼ ባጃጅ አስቁሜ ሆስፒታል ይዤው ሄድሁ። መንገዱን እንዴት እንደሄድነው ዛሬም አላስታውሰውም። ቀኝ እጁን ጭኔ ላይ አድርጌ ስጨብጠው መልሶ እንዳልጨበጠኝ ብቻ አስታውሳለሁ።

ስትሮክ ነው አሉን። ቶሎ መድረሳችን እንደጠቀመው፣ ንግግሩ እንደሚስተካከል፣ እጁ ግን ጊዜ እንደሚፈልግ ነገሩን። «ይመለሳል?» ብዬ ስጠይቃት ወጣቷ ሐኪም «ካሠራው ይመለሳል። ምን ያህል እንደሚመለስ ግን አሁን ልነግርሽ አልችልም» አለችኝ። ባትሸነግለኝ ደስ አለኝ።

ዘንዘልማ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ቤታችን ስንመለስ ንግግሩ ከሞላ ጎደል ደህና ነበር። እግሩም ይራመዳል። ቀኝ እጁ ግን ይከፈታል፣ ይዘጋል እንጂ ምንም አይዝም። እየጨመቀ እንዲያጠነክረው ለስላሳ ኳስ ሰጥተውት ነበር። አንድ ሁለቴ ጨመቀውና መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። «ይሄን ስጨምቅ ብውል ምን ይጠቅመኛል?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ኳሱን ነካሁት ቢለኝም አላምነውም።

እሱ ከሐይቁ ማዶ ቁንዝላ ተወልዶ ያደገ የዓሳ አጥማጅ ልጅ ነው። ዓሳ መገንጠልም ቢላ መሳልም ያስተማሩት አባቱ ናቸው። እኔ ከተጋባን ጀምሮ ቢላ ስዬ አላውቅም፤ መሳልም አላስፈለገኝም። አንድ ጊዜ ብቻ እንዴት እንደሚያደርገው ጠይቄው ነበር።

«ቢላውን ድንጋዩ ላይ ታጋድሚዋለሽ፤ ከዚያ ጀርባውን ብድግ ታደርጊዋለሽ» አለኝ።

«ምን ያህል?»

«እሱ ራሱ ይነግርሻል።»

«ምን ብሎ?»

«ልክ ሲሆን ዝም ይላል» አለኝ። በዚያው ሳቅን፤ ትምህርቱም በዚያው ቀረ።

አሁን ምግብ ቤቱን ብቻዬን ይዤ ቢላዎቹ አንድ በአንድ እየደነዙ መጡ። ሰው ዓሳ የሚበላሸው በእሳት ይመስለዋል። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሳ ከአጥንቱ ስትለዪው ቢላው ካልሰላ ሥጋው ይቀደዳል፤ ግማሹ አጥንቱ ላይ ይቀራል፤ ቀጫጭኑ አጥንት ደግሞ ተቆርጦ ሥጋው ውስጥ ይገባል። አንድ ሁልጊዜ የሚመጡ ደንበኛችን፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፣ ከአፋቸው አጥንት አውጥተው ሳህኑ ጠርዝ ላይ ሲያስቀምጡ አየሁ። ምንም አላሉኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔም በድንጋዩ ሞከርሁ። ዋርካው ሥር፣ እሱ በሚቀመጥባት በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ እንዳየሁት ሄድ መለስ አደረግሁት። ስጀምር ጀርባው ከፍ ይላል፣ ስጨርስ ዝቅ ይላል፤ ለእኔ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነበር። ብዙ ደከምሁ። ቲማቲም ላይ ባሳርፈው ቢላው እንደ ማንኪያ ተንሸራተተ። ለካ ስለቱን ከማውጣት ይልቅ እያዶለዶምሁት ኖሯል። ገበያ በሞተር ድንጋይ ወደሚስል ሰው ወሰድኋቸው። እሱም የእሳት ፍንጣሪ እያዘነበ ቶሎ ጨርሶ ሰጠኝ፤ ነገር ግን ጠርዛቸው ሰማያዊ ሆኖ፣ ብረታቸው ተበልቶ ነበር የተመለሱት። ሳምንት ሳይሞላቸው እንደገና ደነዙ።

ሁዳዴ ደግሞ እየተቃረበ ነበር። በጾም ዓሳ ይበላል፣ አይበላም የሚለው ክርክር ከእኛው ገበታ ላይ ሳይቀር ይነሳል፤ የሚበላው ግን ብዙ ነው፤ ለእኛም ከዓመት ዓመት የምንጠብቀው ወቅት እሱ ነው። በዚያ ላይ ሰው በደነዘ ቢላ እየታገለ የዚያን ሰሞን ሥራ አይችለውም። ቤት ስመለስ ይሄን ለባለቤቴ አልነግረውም። እሱም አይጠይቀኝም። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ቀኝ እጁን በግራ እጁ ይዞ ደጁን ያያል። እውነቱን ለመናገር ከቢላዎቹ ይልቅ ያስፈራኝ ያ ዝምታው ነበር።

ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ምግብ አብሳይ ነው። ደውሎ ሲጠይቀኝ አላስችል ብሎኝ ሁሉንም ዘረገፍሁለት። ጥቂት ቆይቶ በሰው እጅ ዕቃ ላከልኝ። ስከፍተው ከብረት የተሠራ መቆሚያ፣ ቢላውን በጀርባው ነክሶ የሚይዝ መቆንጠጫ፣ ከጎኑ የሚወጣ ቀጭን ዘንግ፣ ዘንጉ ላይ ደግሞ እንደ ጣት የቀጠነ የመሳያ ድንጋይ አገኘሁ። እንዴት እንደሚሠራበት በስልክ ምስል እያየሁት አሳየኝ።

«እናንተ ቤት ቢላው ይሄዳል፣ ድንጋዩ ይቀመጣል አይደል?» አለኝ። «በዚህኛው ተቃራኒው ነው። ቢላው ታስሮ ይቀመጣል፤ የሚሄደው ድንጋዩ ነው። የዘንጉን ከፍታ አንዴ ካስተካከልሽ ማዕዘኑ አይለወጥም። አንቺ ወደ ላይና ወደ ታች መሳብ ብቻ ነው።»

«የሱን ያህልስ ይስላል?»

«የሱን ያህል እንኳ እንጃ» አለኝ፤ ባለቤቴን ያከብረዋል። «ግን የደነዘ ቢላ ከእንግዲህ አትይዢም።»

ስለቱን በጥቁር ማርከር እንድቀባም ነገረኝ። ድንጋዩ ጥቁሩን እስከ ጫፉ ድረስ ጠርጎ ካጠፋው ማዕዘኑ ልክ ነው ማለት ነው፤ ከላዩ ላይ ብቻ ከነካው ዘንጉን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ዘረጋሁትና ጀመርሁ። ባለቤቴ ከመስኮቱ ዘንድ ሆኖ ዞር ብሎ አየ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ቢላ መሳያ ነዋ።»

«የሕፃን መራመጃ ነው የሚመስለው» አለ።

«ሕፃኗ እኔ ነኝ፤ እስቲ ልራመድበት» አልሁት።

ፊቱን ወደ ደጁ መለሰ። እኔ ቀጠልሁ። አንዱን ወገን ስስል ቆይቼ በሌላኛው ጠርዝ ላይ ጣቴን ሳሳልፍ ሻካራ ነገር ያዘኝ፤ ወንድሜ ይሄ ሲመጣ ገልብጪው ብሎኝ ነበርና ገለበጥሁት። ሳበቃ ቲማቲም አመጣሁ። ሳልጫነው፣ በራሱ ክብደት ብቻ፣ ቢላው ልጣጩን ከፍሎ ገባ። ሌላ ቲማቲም ቆረጥሁ። ከዚያ ሌላ። ለማን እንደሆነ ሳላውቅ አንድ ሳህን ሙሉ ቲማቲም ቆረጥሁ። በማግሥቱ ዓሳውን ሁሉ ሳይቀደድ ገነጠልሁ።

ባለቤቴ ግን ደስ አላለውም። ክፉ ሆኖ አይደለም። አብሬው ስኖር የገባኝን ልናገር፤ እሱ ሲታመም እጄ ሲመለስ ያገኘኛል ብሎ ያስቀመጠው አንድ ሥራ ነበረው፤ እሱን ነው ብረት የወሰደበት። ይሄን እያወቅሁ መሣሪያውን መተው ደግሞ አልችልም።

አንድ እሑድ ጎረቤታችን ሊጠይቁት መጡ። ዕድሜያቸው የገፋ አናጺ ናቸው፤ ሐጂ እያልን ነው የምንጠራቸው። ስለ ጤናው፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ መንገዱ አቧራ ሲጨዋወቱ ቆይተው ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ወዳለው መሣሪያ ሄደ። ተነሥተው ዘንጉን ከፍ ዝቅ አደረጉት።

«ይሄ ነገር ለመላጊያ ምላጭ ይሆን ይሆን?» አሉ።

«ለእርስዎ ምን ያደርግልዎታል፣ ሐጂ?» አላቸው ባለቤቴ። «እርስዎ በእጅዎ ይስሉ የለም እንዴ?»

«በእጄ? የመላጊያ ምላጭ? ኧረ በፍጹም! ሰያፍ የተቆረጠች እንጨት አለችኝ፤ ምላጩን እሷ ላይ አስደግፌ ነው የምስለው። አባቴም እንደዚያው ነበሩ። መሮውን ግን በእጄ ነው።»

«ምን ለያቸው?»

«መሮ ወፍራም ነው፤ ድንጋዩ ላይ ራሱ ይቀመጥልሃል። ምላጩ ስስ ነው፤ ይወላገድብኛል። ለዚያኛው ድጋፍ ያስፈልገኛል፣ ለዚህኛው አያስፈልገኝም። ምን አለው?» አሉና ስለ ሌላ ነገር ማውራት ቀጠሉ።

ሐጂ ከሄዱ በኋላ ባለቤቴ ዓይኑን ከመሣሪያው አልነቀለም። እኔም ነገሩን አላነሳሁበትም።

ከዚያ ጥቂት ቀናት አልፈው ነው፣ ምግብ ቤቱን ሰሞኑን ለቀጠርኋት ረዳት ትቼ ከሰዓት በኋላ የረሳሁትን የቅመም ዕቃ ልወስድ ወደ ቤት መጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ ሳደርገው መጀመሪያ ያየሁት እግሩን ነው። ከጠረጴዛው ሥር ሁለቱ እግሮቹ ተዘርግተዋል፤ አንዱ ነጠላ ጫማው ወልቆ ወዲያ ተገልብጧል። ሐኪሟ «ሁለተኛ እንዳይደግመው ነው መጠንቀቅ ያለባችሁ» ያለችኝ በጆሮዬ ጮኸ። «ወይኔ! ወይኔ ጉዴ!» ብዬ ወደሱ ስሮጥ፣

«አትርገጪ! ባለሽበት ቁሚ!» የሚል ድምፅ ከጠረጴዛው ሥር መጣ።

ቆምሁ።

«ብሎኗ ወድቃለች» አለ። «የመቆንጠጫው ብሎን። ብትረግጫት ትጠፋለች።»

ባለሁበት መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። አለቀስሁ፣ ሳቅሁ፣ የቱ እንደቀደመ አላውቅም። እሱ በግራ ክርኑ እየተመረኮዘ ከጠረጴዛው ሥር ወጣ፤ ፊቱ ላይ አቧራ አለ። ምን እንዳስለቀሰኝ ቆይቶ ገባውና «ውይ» አለ ቀስ ብሎ። «ሞቼ መሰለሽ?»

«ምን ይምሰለኝ ታዲያ!»

«አልሞትሁም። ብሎን ጠፍቶብኝ ነው።»

ሁለታችንም መሬት ላይ ተቀምጠን እንደ እብድ ሳቅን። ብሎኗን ተገልብጦ ከነበረው ነጠላ ጫማ ውስጥ አገኘናት።

ጠረጴዛው ላይ የቤታችን ቢላ በመሣሪያው ታስሯል። የድንጋዩ መያዣ በጨርቅ ተጠቅልሎ እንደ ሙቀጫ ዘነዘና ወፍሯል፤ ቀጭኑን መያዣ ጣቶቹ ስለማይጨብጡት እንዲወፍርለት እሱ ራሱ በግራ እጁና በጥርሱ ጠምጥሞታል። ለካ እኔ ስወጣ እሱ ይቀመጥበት ኖሯል።

«በቀኝህ ነው የምትስለው?» አልሁት።

«በቀኜ ነው። እጄ መንገዱን ሲስት ዘንጉ ይመልሰዋል» አለኝ። «ድንጋዩ ላይ ብሆን ኖሮ በሳተ ቁጥር ስለቱን አበላሽ ነበር። እዚህ ግን ብስትም የሚበላሽ ነገር የለም።»

ይሄን ሲለኝ ያሳለፍናቸው ከባድ ወራት ማለቃቸው ገባኝ። ገና ብዙ ይቀረው ነበር፤ ቢሆንም አልሰጋሁም።

ሁዳዴን በዚያ መሣሪያ አለፍነው። ጠዋት ያልሰሉትን ቢላዎች ቤት እተውለታለሁ፤ የተሳሉትን በጨርቅ ጠቅልዬ በባጃጅ ይዣቸው እሄዳለሁ። በጨርቅ የወፈረው መያዣ እየቀጠነ መጣ፤ አንድ ዙር ይፈታል፣ ይቆያል፣ ሌላ ዙር ይፈታል። ለምርመራ ስንሄድ ሐኪሟ «ኳሱን እየጨመቅህ ነው ማለት ነው» ስትለው ሳያፍር «አዎ» አላት።

በዚያው ልክ ማማረርም ጀመረ፤ ማማረሩ ደስ ይለኝ ነበር። ረጅሟ የዓሳ መገንጠያ ቢላችን ቀጭንና ተጣጣፊ ናት፤ መቆንጠጫው መሐሏን ሲይዛት ጫፏ ይንቀጠቀጣል፤ ጫፏን ሲይዛት ሥሯ አይደረስም። አንዷን ቢላ ለመሳል ሦስት ቦታ መፍታትና ማሰር ነው። «በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ጀልባ ሙሉ ዓሳ ይገነጠልበታል» አለኝ አንድ ቀን። «ድንጋዬ የት ነው ያለው?»

«ምግብ ቤቱ ነዋ።»

«ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

በማግሥቱ ዋርካው ሥር ተቀመጠ። እኔ ሽንኩርቴን ይዤ ወደ ውስጥ ገባሁ፤ ቆሜ ባየው እንደሚጨንቀው አውቃለሁ። መክተፉን ረስቼ ጆሮዬን ጣልሁ። መጀመሪያ ይፍቃል። ይቆማል። ውኃ ያፈሳል። እንደገና ይፍቃል። ድንጋዩ ሸሸኝ እንዳይለኝ እየፈራሁ ጠበቅሁ። ቆይቶ ጠራኝ። ቢላዋን አሳየኝ፤ አንዱ ወገኗ ደህና ነው፣ ሌላኛው ጭረት በጭረት ሆኗል። «ግማሽ ሰው፣ ግማሽ ቢላ» አለና ሳቀ። አልተናደደም። ያን ዕለት ማታ ቤት ወሰዳትና በመሣሪያው አስተካከላት፤ በሚቀጥለው ጠዋት ደግሞ ወደ ድንጋዩ መለሳት።

በዚህ ዓይነት የየራሳቸው ቦታ ተያዘላቸው። ቢላው ቅርፁን ሲያጣ፣ ወይም እኔ በግዴለሽነት አጥንት ላይ ስመታው፣ መሣሪያው ላይ ይወጣል፤ ቀስ ብሎ፣ ተለክቶ፣ ማዕዘኑ ይመለስለታል። በየጠዋቱ ግን ድንጋዩ ይበቃል፤ ጥቂት ሄድ መለስ፣ ያውም ደንበኛ ሳይመጣ። የወጥ ቤቱን ትልቅ ቢላ እኔው በመሣሪያው እስላለሁ፤ ከእንግዲህ ለማንም አልሰጠውም። ረጅሟ የሱ ናት። ወንድሜ ደውሎ የቱ እንደሚሻለው ሲጠይቀው «ያንተኛው እጄን አስተማረው፤ የኔኛው ሥራውን ያፋጥነዋል» አለው።

ከፋሲካ በኋላ ቁንዝላ ወደ እናቱ ሄድን። ይሄን ጉዞ ስንሸሽ ነበር የቆየነው። መታመሙን አልነገርናቸውም፤ አርጅተዋል፣ ይደነግጣሉ ብለን በስልክ ሁልጊዜ «ሥራ በዝቶ ነው» ነበር የምንላቸው። በጀልባ ስንሻገር እሱ ቀኝ እጁን እየከፈተ ይዘጋል። እኔ ምን ብዬ እንደምጀምር አስባለሁ።

እናቱ በር ላይ ተቀበሉን። ከሳሙን በኋላ ቀኝ እጁን ያዙና ገልብጠው መዳፉን አዩ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳበሱ።

«ጨብጠኝ እስቲ» አሉት።

ጨበጣቸው።

«አጥብቀህ።»

አጠበቀ።

«ተመስገን» አሉና ለቀቁት።

«እማማ፣ ማን ነገረዎት?» አልኋቸው ደንግጬ።

«ጀልባ የሚነዱት ልጆች በሳምንቱ ነግረውኛል። እናንተ እንዳትጨነቁ ብዬ ነው ዝም ያልሁት።»

ስንት ወር ሙሉ እኛ ከእሳቸው፣ እሳቸው ከእኛ ስንደባበቅ ኖረናል። ባለቤቴ በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ሳቀ።

እሳቸው ግን ወደ ጓዳ ገብተው አጭር፣ እጀታዋ በጨርቅ የታሰረ ቢላ ይዘው ተመለሱ። «ከመጣህ አይቀር ይቺን ሳልልኝ። ሽንኩርት እንኳ እንቢ ብላኛለች» አሉት።

መሣሪያው ዘንዘልማ ነው ያለው። እሱ ደጅ ወጣ፤ አባቱ ይስሉበት የነበረውን መሐሉ የጎደጎደ ድንጋይ ከግንቡ ሥር አነሣና ውኃ አፈሰሰበት። በቀኙ እጀታውን ያዘ፣ የግራ ጣቶቹን ብረቱ ላይ አሳረፈ። ለእናቱ በርጩማ አመጣሁላቸውና ሁለታችንም አጠገቡ ተቀምጠን አየነው፤ አልጨነቀውም። አንዴ ሳተ። ቆም አለ፣ ጀርባውን ብድግ አደረገው፣ ቀጠለ።

ሲያበቃ እናቱ ቢላዋን ተቀብለው አንድ ሽንኩርት ለሁለት ከፈሉ። ግማሹን አነሡና የተቆረጠበትን ፊት ወደ ብርሃኑ አድርገው መረመሩት።

«ከነበረችው ትሻላለች» አሉ፤ ሌላ ሽንኩርት አቀበልኋቸው።